የቴን ሃግ ካሳ፦ ማን አጠፋ፣ ማን ከፈለ?

ማንቸስተር ዩናይትድ ኤሪክ ቴን ሃግን ሲያባርር 10.4 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣበት። ገንዘቡ ለአሰልጣኙና ለተወሰኑ ረዳቶቹ የስንብት ካሳ ነው። ቁጥሩ የጋዜጣ ግምት አይደለም። ክለቡ ኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ላይ የተመዘገበ ስለሆነ ራሱ በሒሳብ ሪፖርቱ ያሳወቀው ነው።

ዜናው በወጣ ሰሞን ዲኤስቲቪ ቤቱም፣ ታክሲውም፣ ቴሌግራሙም ያው አንድ ቁጣ ነበር። ተሸንፎ ተባሮ ጭራሽ ይሸለማል እንዴ? ቁጣው ይገባኛል። እኔም የዩናይትድ ደጋፊ ነኝ። ግን ነገሩን ከሥሩ ስናየው ቁጣችን የሚያርፈው የተሳሳተ ሰው ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ካሳው የመጣው ቴን ሃግ ስለወደቀ ብቻ አይደለም። ክለቡ መውደቁን እያየ አዲስ ቃል ስለገባለት ነው። (ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ዋንጫው የሸፈነው ዓመት

ቴን ሃግ ከሆላንዱ ክለብ አያክስ የመጣው በ2022 ክረምት ነው። የመጀመሪያ ዓመቱ ጥሩ ነበር። ሊጉን ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ኒውካስልን 2 ለ 0 አሸንፎ የካራባኦ ዋንጫን (የእንግሊዝ ሊግ ዋንጫ) አነሳ። ከዝነኛው አሰልጣኙ ከሰር አሌክስ ፈርጉሰን ወዲህ አሰልጣኝ የጠፋበት ክለብ ሰው አገኘ ብለን ነበር።

ሁለተኛው ዓመት ግን ተበላሸ። በ2023/24 ዩናይትድ 8ኛ ወጣ። እስከዚያ ድረስ በፕሪሚየር ሊግ ታሪኩ እንዲህ ዝቅ ብሎ አያውቅም። 14 ጨዋታ ተሸነፈ። ያስቆጠረው 57፣ የተቆጠረበት 58 ነው። በሻምፒዮንስ ሊግ ከምድቡ መጨረሻ ሆኖ ወጣ። እርግጥ ነው፣ የተጎዱ ተጫዋቾች ብዙ ነበሩ። ተከላካይ መስመሩ በየሳምንቱ ይቀያየር ነበር። ያም ሆኖ ቡድኑ ምን ዓይነት ጨዋታ ሊጫወት እንደሚፈልግ ማንም መናገር አይችልም ነበር።

በዚህ መሃል የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ደረሰ። ሜይ 25, 2024፣ ዌምብሌይ፣ ከማንቸስተር ሲቲ ጋር። ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ይባረራል የሚል ዘገባ ከጨዋታው በፊት ወጥቶ ነበር። ጋርናቾና ማይኑ አገቡ፣ ዩናይትድ 2 ለ 1 አሸነፈ። ያን ቀን ስንጨፍር አምሽተናል። ደጋፊ ስለሆንን ጭፈራው ያምርብናል። የክለብ አመራር ግን በዘጠኝ ወር ያየውን በዘጠና ደቂቃ መርሳት አይገባውም ነበር።

የጁላይ ፊርማ

ከዚህ በኋላ የሆነው የጉዳዩ እምብርት ነው።

የኬሚካል ኩባንያው የኢኒዮስ ባለቤት ሰር ጂም ራትክሊፍ በፌብሯሪ 2024 የክለቡን 27.7 በመቶ ድርሻ ገዝቶ የስፖርቱን ሥራ ተረክቧል። አብላጫው የድምፅ መብት ግን የግሌዘር ቤተሰብ እንደሆነ ቀረ። አዲሱ አመራር የውድድር ዓመቱን እንገመግማለን አለ። ግምገማው ሳምንታት ፈጀ። በዚህ ጊዜ ሌሎች አሰልጣኞችን ያነጋግር ነበር። ቴን ሃግ ራሱ በኋላ ለአገሩ ቴሌቪዥን እንደተናገረው፣ የክለቡ ሰዎች ለዕረፍት የሄደበት ቦታ ድረስ መጥተው አሰልጣኝ ቶማስ ቱሄልን አነጋግረን ነበር፣ ግን ከአንተ የተሻለ የለም ብለን ወሰንን አሉት።

እስኪ ቆም ብለን እናስበው። አለቆችህ በአንተ ወንበር የሚቀመጥ ሰው ሲያፈላልጉ ከርመዋል። ይህን አገር ሁሉ ሰምቷል። ከዚያ መጥተው አንተው ቀጥል ይሉሃል። ይህ እምነት አይደለም። ሌላ ስላጣን ነው እንደማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው እስከ ውሉ ማብቂያ እንዲሠራ ማድረግ ይቻል ነበር። ውሉ እስከ ጁን 2025 ይሄዳል። አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት አለው።

ክለቡ ግን ጁላይ 4, 2024 ውሉን እስከ ጁን 2026 አራዘመ። በዚያው ወር ሩድ ቫን ኒስትልሮይንና ሬኔ ሃከን አዲስ ረዳት አድርጎ አመጣ። በዝውውር ገበያው ደግሞ ዚርክዚ፣ ዮሮ፣ ደ ሊኽት፣ ማዝራዊና ኡጋርቴ ተገዙ። ደ ሊኽትና ማዝራዊ በአያክስ በእጁ ያደጉ ናቸው። አንድ እግሩ በር ላይ ለነበረ አሰልጣኝ ሙሉ ቤት ተሠራለት ማለት ነው።

የማራዘሙ ምክንያት በየክለቡ አንድ ነው። አሰልጣኝ በመጨረሻው የውል ዓመቱ ላይ ከሆነ መልበሻ ክፍል ውስጥ ክብር ያጣል፣ ተጫዋች አይሰማውም ይባላል። ምክንያቱ ጨርሶ ባዶ አይደለም። ግን ተጫዋቾችም ጋዜጣ ያነባሉ። ክለቡ ሌላ ሰው ሲፈልግ መክረሙን ያውቃሉ። አንድ ዓመት በወረቀት መጨመር ያንን አይፍቀውም። የሚጨምረው የክለቡን ዕዳ ነው።

ኦክቶበር

ኦክቶበር 27 ዩናይትድ ወደ ለንደን ሄዶ ከዌስትሃም ተጫወተ። በመጀመሪያው አጋማሽ የዩናይትዱ ዳሎ በረኛውን አልፎ ባዶ ጎል አጠገብ ሆኖ ኳሷን ወደ ሰማይ ላካት። የዚያ ሰሞን ዩናይትድን በአንዲት ምት አሳዩ ብባል እሷን ነው የማሳየው። ሳመርቪል ለዌስትሃም አገባ። ካዜሚሮ ዩናይትድን አቻ አደረገ። በባከነ ሰዓት የቪዲዮ ዳኝነቱ (ቪኤአር) ዳኛውን ወደ ስክሪኑ ጠራና ደ ሊኽት ጥፋት ሠርቷል ተባለ። የዌስትሃሙ ቦወን ፍጹም ቅጣት ምቱን አገባው። 2 ለ 1። ዩናይትድ ከ9 ጨዋታ 11 ነጥብ ይዞ 14ኛ ሆነ።

በማግስቱ ቴን ሃግ ተባረረ።

ውሉ ከተራዘመ አራት ወር እንኳን አልሞላም። ባይራዘም ኖሮ በዚያ ቀን የቀረው ስምንት ወር ነበር። በመራዘሙ ሃያ ወር ሆነ። ቫን ኒስትልሮይ ለጥቂት ጨዋታ ቡድኑን ይዞ ቆየ። በቴን ሃግ ቦታ ሩበን አሞሪም ሲገባ እሱም ሃከም ወጡ፣ ከመጡ በአራተኛው ወር። አሞሪምንና ረዳቶቹን ከፖርቹጋሉ ክለብ ስፖርቲንግ ለማስለቀቅ 11 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈለ። አንዱን ለማስወጣት 10.4፣ ሌላውን ለማስገባት 11፣ በድምሩ 21.4 ሚሊዮን። በዚህ ሳያበቃ በዲሴምበር የስፖርት ዳይሬክተሩ ዳን አሽዎርዝ ሥራ በጀመረ በአምስት ወሩ ተሰናበተ። የእሱ ስንብት 4.1 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጀ።

ይህ አንድ ጊዜ የሆነ አደጋ ቢሆን ዝም ባልኩ። ግን ክለቡ ይህን መንገድ በደንብ ያውቀዋል። ሞሪኒሆ ጃንዋሪ 2018 ውሉ ተራዘመለት፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ተባረረ። ለእሱና ለረዳቶቹ 19.6 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈለ። ሶልሻየር ጁላይ 2021 የሦስት ዓመት ውል ፈረመ፣ ዋትፎርድ 4 ለ 1 ሲያሸንፈው ኖቬምበር ላይ ሄደ። ከዚያ ቴን ሃግ። ሦስት ቋሚ አሰልጣኞች ተከታትለው ውላቸው በተራዘመ በዓመት ውስጥ ተባረሩ። የስፖርቱ ሥራ ኃላፊና ዳይሬክተር ተቀያይሯል፣ ልማዱ ግን አልተቀየረም።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

እስካሁን ያለው የአመራር ድክመት ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። እኔን የሚያሳምመኝ ይህ ነው፦ የጁላይ 2024 ፊርማ በተፈረመበት በዚያው ወር ክለቡ 250 ሠራተኞችን እቀንሳለሁ ብሎ ነበር። በፌብሯሪ 2025 ደግሞ ከ150 እስከ 200 ተጨማሪ ሥራዎች እንደሚታጠፉ አሳወቀ። ከ1,100 ገደማ ሠራተኛ ውስጥ ማለት ነው። ምክንያቱ አምስት ዓመት ተከታታይ ኪሳራ ነው ተባለ። ኪሳራው እውነት ነው። በ2023/24 ብቻ 113.2 ሚሊዮን ፓውንድ ከስሯል። ራትክሊፍ በማርች 2025 ካልቆጠብን ክለቡ በዓመቱ መጨረሻ ጥሬ ገንዘብ ይጨርስ ነበር ብሏል።

ቁጠባው ወርዶ ወርዶ ትንሽ ትንሽ ነገሮች ላይ ደረሰ። ኦልድ ትራፎርድ ያለው የሠራተኞች ምግብ ቤት ተዘግቶ በነጻ ምሳ ፋንታ ፍራፍሬ እንደሚቀርብ ተዘገበ። የልምምድ ማዕከሉ ካሪንግተን ላሉት ሾርባና ዳቦ። የገና ስጦታቸው ከ100 ፓውንድ ወደ 40 ፓውንድ የመደብር ኩፖን ወረደ። ፈርጉሰን ራሱ ከዓመታዊ የአምባሳደርነት ክፍያው አልተረፈም። ደጋፊውም ድርሻው ደረሰው። በዲሴምበር 2024፣ የውድድር ዓመቱ ሳያልቅ፣ ለአባላት የቀሩት ትኬቶች 66 ፓውንድ ሆኑ። የልጅና የጡረተኛ ቅናሽ ቀረ። ከዚያ በፊት ለልጅ ከ25 ፓውንድ ይጀምር ነበር። ልጁን ይዞ ስታዲየም የሚሄድ አባት ቀድሞ ሁለት ትኬት በሚገዛበት ገንዘብ ያኔ ቢበዛ አንድ ብቻ ያገኝ ነበር።

ኦልድ ትራፎርድ 74,000 ያህል ሰው ይይዛል። ሁለት ጊዜ ጢም ብሎ ቢሞላና እያንዳንዱ ሰው 66 ፓውንድ ቢከፍል እንኳን የቴን ሃግ ካሳ አይሸፈንም።

አሁን የሠራተኛውን የስንብት ክፍያ እንየው። በእንግሊዝ ሕግ ከሥራ የሚቀነስ ሰው ቢያንስ ሁለት ዓመት ሠርቶ ከሆነ ክፍያ ይገባዋል። ዕድሜው ከ22 እስከ 40 ዓመት ለሆነ ሰው ለእያንዳንዱ የሥራ ዓመት የአንድ ሳምንት ደመወዝ ነው። ሳምንቱም ጣሪያ አለው። በዚያ ዓመት ጣሪያው 700 ፓውንድ ነበር። እንግዲህ አሥር ዓመት ትኬት ቢሮ የሠራች የ35 ዓመት ሴት አለች እንበል። ሕጉ የሚያስከብርላት ቢበዛ 7,000 ፓውንድ ነው። ይህ የሕጉ ወለል ነው፣ አሠሪ ከፈለገ ይጨምራል። ቢሆንም ልዩነቱን ተመልከቱ። እሷ ምንም አላጠፋችም። 8ኛ የወጣችውም፣ ውል ያራዘመችውም እሷ አይደለችም።

የአሰልጣኙ ካሳ የሚሰላው በሚቀረው ጊዜ ነው። የሠራተኛዋ የሚሰላው ባለፈው ጊዜ ነው። አንዱ ገና ላልሠራው ይከፈለዋል፣ ሌላዋ ለሠራችው እንኳን በጣሪያ ትለካለች። ሕጋዊ ነው። ፍትሐዊ ነው ለማለት ግን አፌ አይታዘዝልኝም።

ታዲያ ቴን ሃግ መቀበል አልነበረበትም?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ አሰልጣኙን ያብጠለጥላል። እኔ አልስማማም። የጊዜ ገደብ ያለው ውል ማለት ሁለት ሰዎች እስከዚህ ቀን አብረን ነን ብለው የገቡት ቃል ነው። አንዱ ካፈረሰው ለሌላው ጉዳቱን ይከፍላል። በእንግሊዝ ሕግ ተጎጂው ሌላ ሥራ ፈልጎ ጉዳቱን የመቀነስ ግዴታ አለበት፣ መብቱ ግን መብት ነው። እስከምናውቀው ድረስ ቴን ሃግ ውሌን አራዝሙልኝ ብሎ በር አላንኳኳም። እነሱ ናቸው የሄዱለት። የተፈረመለትን ገንዘብ ሲወስድ ስስታም ማለት ዕዳህን ተውልኝ ብሎ አበዳሪውን እንደመውቀስ ነው።

ክለብ ካሳ አልከፍልም ብሎ ሲያስቸግርም አይተናል። ቼልሲ በ2018 አሰልጣኙን አንቶኒዮ ኮንቴን ሲያሰናብት በተጫዋቹ በዲያጎ ኮስታ ጉዳይ ጥፋት ሠርቷል፣ ካሳ አይገባውም ብሎ ተከራከረ። ተረታ። መጨረሻ ላይ የኮንቴና የረዳቶቹ ስንብት ከሕግ ወጪው ጋር 26.6 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጀበት። በእኛም አገር ሊግ አሰልጣኝ ተባሮ ያልተከፈለ ደመወዙን ለማግኘት በየፌዴሬሽኑ ደጅ የሚጠናበት ጊዜ ብዙ ነው። ውል ዋጋ ሲያጣ መጀመሪያ የሚጎዳው ደካማው ነው። ስለዚህ የአሰልጣኝ ካሳ ጨርሶ ይቅር የሚለውን ሐሳብ አልደግፍም። እንዲያውም ካሳ ባይኖር አሰልጣኝ በየሁለት ሽንፈቱ ይባረር ነበር። ክለብ ከመቸኮሉ በፊት የሚያስበው ስለሚያስከፍለው ነው።

ግን አንድ እውነተኛ የሥነ ምግባር ችግር አለ፣ ይህን መደበቅ አይገባም። የትልልቅ ክለብ አሰልጣኝ ራሱን አያሰናብትም። ሥራው እንዳበቃለት እያወቀ፣ ተጫዋቾቹ እንደማይሰሙት እያወቀ ይቆያል። ምክንያቱም በፈቃዱ ከለቀቀ ካሳ የለም፣ ከተባረረ አለ። ክለቡም ያንኑ ገንዘብ ፈርቶ ይቆያል። ሁለቱም ይጠባበቃሉ። በመካከል የሚጠፋው የደጋፊው ዓመት ነው። ቴን ሃግ እንዲህ አድርጓል አልልም፣ እስከ መጨረሻው ይሠራልኛል ብሎ ያመነ ይመስለኛል። ሥርዓቱ ግን ሰውን ወደዚያ ይገፋዋል።

መፍትሔው እሩቅ አይደለም። ዩናይትድ ራሱ ቤት ነበር። ዴቪድ ሞይስ በ2013 የስድስት ዓመት ውል ፈርሞ ነው የገባው። በኤፕሪል 2014 ሲባረር ቀሪ አምስት ዓመት ይከፈለዋል ብለን ነበር። በውሉ ውስጥ ግን ሻምፒዮንስ ሊግ ካልገባ ካሳው በአንድ ዓመት ደመወዝ ይወሰናል የሚል አንቀጽ እንደነበረ ተዘገበ። ክለቡ በኤቨርተን 2 ለ 0 ተሸንፎ የሻምፒዮንስ ሊግ ተስፋው በቁጥር እንዳበቃለት በሁለት ቀን ውስጥ አሰናበተው። ለሞይስና ለረዳቶቹ የወጣው 5.2 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። የስድስት ዓመት ውል፣ የአንድ ዓመት ካሳ። አሰነባበቱ ደስ አይልም ነበር፣ ለሞይስ ከመነገሩ በፊት ጋዜጦች ያወቁት ጉዳይ ነው። ውሉ ግን ለሁለቱም ወገን ግልጽ ነበር። ሰውየው ሲፈርም ምን እንደሚጠብቀው አውቋል።

እኔ ቢሆን የምጠይቀው እንዲህ ያለ ነገር ነው። የአሰልጣኝ ካሳ ከአንድ ዓመት ደመወዝ አይለፍ። በየወሩ ይከፈል፣ ሌላ ሥራ ሲይዝ ይቁም። ቴን ሃግ በጁላይ 2025 የጀርመኑ ክለብ ሌቨርኩሰን ገብቶ ከሁለት የቡንደስሊጋ ጨዋታ በኋላ ሴፕቴምበር 1 ተባሯል፣ በሊጉ ታሪክ እንዲህ በጥቂት ጨዋታ የተባረረ የለም። ሥራ የሚያገኝ ሰው ነው፣ ከየቦታው በአንድ ጊዜ የሚጠራቀም ካሳ አያስፈልገውም። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ክለብ ሠራተኛ በሚቀንስበት ዓመት የአሰልጣኝ ውል ሲያራዝም፣ ያራዘመው ሰው ለምን እንዳራዘመ በአደባባይ ይናገር።

ራትክሊፍ በማርች 2025 ለቢቢሲ ሲናገር የቴን ሃግና የአሽዎርዝ ውሳኔዎች ስህተት እንደነበሩ አምኗል። የሚያቃልሉ ሁኔታዎች ነበሩ፣ ሆኖም ስህተት ነው ብሏል። ማመኑን አከብራለሁ፣ ብዙ ባለቤት ይህን አይልም። ግን ስህተቱን ካመነ በኋላም የትኬቱ ዋጋ በዚያ የውድድር ዓመት በዚያው ቀረ። የሚቀነሱት ሠራተኞችም ተቀነሱ። በዚያ የውድድር ዓመት ዩናይትድ 15ኛ ወጣ፣ የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜንም በቶተንሃም 1 ለ 0 ተሸነፈ። የስህተቱ ባለቤት ስህተቴ ነው ብሎ ወንበሩ ላይ ቆየ። ያልተሳሳቱት ናቸው ዕቃቸውን በካርቶን ሰብስበው የወጡት። ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ስንጮህ ስማቸው ሊነሳ የሚገባው ውሉን ያራዘሙት ሰዎች ነበሩ። እኛ ግን ሌሊቱን ሙሉ የሰደብነው ደመወዙን የተቀበለውን ሰው ነው።